ዓሣው እንዲያድግልን መኖው ላይ ምን እንጨምር?

ስለ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ዓሣ መኖ የጠየቃችሁኝን ሰብስቤ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ነጭ ሽንኩርት ዓሣ ያሳድጋል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ፣ በቆሮሶ ላይ ተሞክሮ ጥሩ ውጤት የታየበት ጊዜ ብዙ ነው። ዓሣው መኖውን በደንብ ይበላል፣ በሽታም ይቋቋማል። ብዙ ጊዜ የሚሞከረው ለአንድ ኪሎ መኖ ከ10 እስከ 30 ግራም ዱቄት ነው። አንተ በ10 ጀምር። እርጥቡን የምትጠቀም ከሆነ ሙቀጫ ውስጥ ውቀጠው፣ ጥቂት ደቂቃ አቆየው፣ ከዚያ ከመኖው ጋር ለውሰህ ጥላ ላይ አድርቀው። ሳትወቅጠው ብትቀቅለው ግን ያ የሚሸተው፣ የሚሠራው ነገር አይወጣም።

ጥያቄ፦ ጓሮዬ ሽፈራው ሞልቷል። ፋጉሎውን ትቼ በሱ ብቻ ላብላቸው?

መልስ፦ አይሆንም እህቴ። ደረቅ ቅጠሉ ፕሮቲን አለው፣ ግን ሳፖኒንና ታኒን የሚባሉ ለዓሣ የማይስማሙ ነገሮችም አሉት። ሲበዛ እድገታቸውን ይይዘዋል። ከመኖው አንድ አስረኛ አታሳልፊ። ቅጠሉን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈሽ ውኃውን ብትደፊው ሳፖኒኑ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ የቢራ አተላስ?

መልስ፦ ፋብሪካ አጠገብ ላለ ሰው ርካሽ ነው። ፕሮቲን አለው፣ እርሾው ደግሞ ተጨማሪ ጥቅም። በዚያው ቀን ማድረቅ ነው፤ ካደረ ይበላሻል።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ነኝ። ሽንኩርቱንም ጥቁር አዝሙዱንም ሰጠሁ። ከወራት በኋላም ዓሦቼ ጣት አያክሉም። ምን ልጨምር?

መልስ፦ ምንም አይጨምሩ ጋሼ። ቆሮሶ ሙቀት ወዳድ ነው። የሚመቸው ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ነው፤ ከ20 በታች እድገቱ በጣም ይዘገያል፣ የመብላት ፍላጎቱም ይቀንሳል። ያልተበላ መኖ ደግሞ ታች ተቀምጦ ይበሰብስና ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። ቴርሞሜትር በገመድ አስረው ውኃው ውስጥ ይንከሩ፣ ጠዋትና ከሰዓት ያንብቡ። ሌላው ደግሞ ወንድና ሴት አብረው ከሆኑ ገና ትንንሽ ሆነው ይራባሉ። ኩሬው በጫጩት ይሞላል፣ መኖው ለሁሉም ይከፋፈላል፣ ማንም አያድግም። ወንዶቹ በፍጥነት ስለሚያድጉ እነሱን ብቻ ለይቶ ማርባት ከየትኛውም ቅመም ይበልጣል። ሰው ግን ቅመሙን ነው የሚጠይቀኝ!

ጥያቄ፦ አንቲባዮቲክ ብጨምርስ?

መልስ፦ ለማሳደጊያ ብለህ አይሞከርም። የአውሮፓ ኅብረት ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእንስሳት መኖ ለእድገት መጠቀምን ከልክሏል።

ጥያቄ፦ ፋጉሎዬ ትንሽ ሻገተ። ሽንኩርት ብቀላቅልበት ይድናል?

መልስ፦ ጣለው። አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ጉበታቸውን ይጎዳል፤ ብታደርቀውም ብትቀቅለውም አይለቅም።

ጥያቄ፦ የጨመርኩት ነገር መሥራቱን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ኩሬው ውስጥ በመረብ የታጠሩ ሁለት ክፍሎች አዘጋጅ። እኩል ቁጥር፣ እኩል መጠን ያላቸው ጫጩቶች አስገባ። ለአንዱ ተራውን መኖ፣ ለሌላው የተጨመረበትን ስጥ። በየሁለት ሳምንቱ መዝን። ልዩነቱ የሽንኩርቱን ዋጋ ካልሸፈነ ተወው፣ ሽንኩርቱን ለወጥህ።