«እከፍላለሁ» ያለህን ሁሉ አትቁጠር

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። በትንሽ ከተማ ክሊኒክ ከፍተሃል። ለአዋቂዎች የሄፓታይተስ ቢ (በደም ጭምር የሚተላለፍ፣ ጉበትን የሚያጠቃ ቫይረስ) ክትባት ልታስገባ አስበህ «ሰዉ ይቀበለዋል? ከፍሎስ ይከተባል?» ብለሃል። እኔ ነርስ ነኝ። መጀመሪያ በመንግሥት ጤና ጣቢያ፣ ኋላም በግል ክሊኒክ ስከትብ ኖሬያለሁ። ያየሁትን ልንገርህ።

ከጠየቅካቸው 20 ሰዎች 18ቱ «እንከፍላለን» ብለውሃል። ተው፣ አትመናቸው። እኛም ክትባቱን ከማስገባታችን በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን ጠይቀን ነበር። ነጭ ጋውን ለብሰህ ፊቱ ቆመህ «ለጤናህ ትከፍላለህ?» ስትለው ማን «አልከፍልም» ይልሃል? ይሉኝታ አለ። ክትባቱ ሲገባ ግን ወሬው ሁሉ «ደመወዝ ልቀበልና»፣ «ከባለቤቴ ጋር ልማከርና» ሆነ። ግማሹ ጊዜው አልፎ ተጣለ። ከዚያ ወዲህ «ይህን ያህል ብር ነው፣ ዛሬ ቀብድ ትይዛለህ?» ነው የምለው። እውነተኛው ቁጥር ያኔ ይወጣል። ያሳፍራል፣ ግን ይወጣል።

ታዲያ ማን ነው የሚከፍለው? በሽታውን በቅርብ ያየ ሰው። አንዲት ልጅ ለአረብ አገር ሥራ ስትመረመር ቫይረሱ ተገኘባት። የባሕረ ሰላጤው አገሮች የጤና ምርመራ በዚህ ይጥላል፤ ጉዞዋ ቀረ። በሳምንቱ እናቷ ሌሎቹን አራት ልጆቻቸውን አስከትለው መጡ። ዋጋ እንኳ አልጠየቁም። ትንሹን «አንተ በጨቅላነትህ ወስደኸዋል» ብዬ ስመልሰው ቅር አላቸው። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ለጨቅላዎች በሚሰጠው ፔንታቫለንት (አምስት ክትባቶችን ባንድ መርፌ የያዘ) ውስጥ ይኸው ክትባት አለ። ስለዚህ ያንተ ደንበኛ በአብዛኛው ከዚያ በፊት የተወለደው ነው። ደግሞ ሳትመረምር አትከትብ። ቫይረሱ ያለበትን ሰው ብትከትበው ገንዘቡን በላህ እንጂ አልጠቀምከውም።

የሚገርመው ሰዉ ገንዘብ የለውም ማለት አይደለም። ዓይኑ ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ለባህል መድኃኒት ሳይከራከር ይከፍላል። ውጭ የሚሄድም ለቢጫ ወባ ክትባት ይከፍላል፤ ካርዱን ይፈልገዋላ። ሳይታመምና ሳይገደድ ክፈል ስትለው ነው እጁ የሚያጥረው።

መቀበል ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። በ2013 ዓ.ም. የኮቪድ ክትባት በነጻ መጥቶ የሥራ ባልደረቦቼ ሳይቀሩ ሲሸሹት አይቻለሁ። በ2011 ዓ.ም. የማህፀን በር ካንሰር ክትባት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ሲጀመርም «መካን ያደርጋል» የሚል ወሬ ነበር። አንድ አባት «ለወባ መድኃኒት ወረፋ የሚያስይዘን መንግሥት ይህን ለምን ቤቴ ድረስ ያመጣልኛል?» አለኝ። እውነት ለመናገር አፌን ያዘኝ። ያስረዳሁት ነገር ሁሉ አላሳመነውም። ልጁን ያመጣው የሰፈሩ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የራሷን ልጅ ስታስከትብ አይቶ ነው።

ዋናው ራስ ምታትህ ግን ሦስተኛው ዶዝ ይሆናል። ሁለተኛው ከወር በኋላ፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር ነው። በየዙሩ ስናስከፍል በስድስተኛው ወር የሚመጣው ትንሽ ነበር። በኋላ የሦስቱንም ባንዴ ለከፈለ ቅናሽ አደረግን፤ ቀኑ ሲደርስ እንደውላለን፤ ቅዳሜ ከሰዓትም እንከትባለን። የቀን ሠራተኛ ለመከተብ የግማሽ ቀን ገቢ ካጣ፣ ያንተ ዋጋ ላይ እሱም ይጨመራል። እሱን ሳታስብ ዋጋ አትቁረጥ።

ፍሪጅህን በቴርሞሜትር ተከታተል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆን አለበት። ሁሉም መብራት መጥፋቱን ነው የሚፈራው፣ ይህን ክትባት ግን ቶሎ የሚገድለው በረዶ ነው። ከፍሪዘሩ ጋር አስጠግተህ እንዳታስቀምጠው።

ሌላው፣ ከሠራተኞችህ ጀምር። የላብራቶሪ ልጆችህ በየቀኑ ደም ይነካሉ። እኔን ተገልጋዮች ከዋጋው በፊት የሚጠይቁኝ «ሲስተር፣ አንቺስ ተከትበሻል?» ብለው ነው። ካርዴ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፣ አውጥቼ አሳያቸዋለሁ።