ለፍኖተ ሰላሙ ወንድም፣ ስለ ሰፈራችሁ መንገድ

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት። ከሰፈራችሁ ጀርባ የቤት ማህበራት ጂ ፕላስ 4 ሊሠሩ ነው፣ መግቢያ መውጫው ደግሞ አንዲት ጠባብ ኮብልስቶን ብቻ ነች፣ ለማን አቤት እንበል ነው ያልከው። እኛ ደብረ ማርቆስ ላይ ይህንኑ አይተን ጨርሰናል። የእናንተም ያው ነው።

1. ቤቱ አይሠራ ብላችሁ እንዳትሄዱ። የእኛ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ደርበው የሄዱት እንዲህ ብለው ነበር። ቢሮውን አልጠራም፣ ባለሙያው ግን ከወንበሩ እንኳ ብድግ ሳይል «እናንተ ቤት ስላላችሁ ሌላው ሜዳ ላይ ይደር?» አላቸው። ለአባቱ እኩያ እንዲህ ይባላል? ደሜ ፈላ። ግን እውነቱን ለመናገር መልስም አልነበረንም። ማህበሩን ያቋቋመው ኪራይ ያማረረው መምህርና ነርስ ነው። የራሴ እህት አለችበት።

2. መንገዱን ጠይቁ። መዋቅራዊ ፕላኑ ላይ፣ ማለትም የከተማው አጠቃላይ ፕላን ላይ፣ መንገዳችሁ ስንት ሜትር ነው? በጽሑፍ ይመለስላችሁ። የከተማ ፕላን አዋጅ 574/2000 ረቂቅ ፕላን ለሕዝብ ውይይት እንዲቀርብ ይላል፣ ስለዚህ «ፕላን ለማንም አይታይም» የሚላችሁን አትስሙ። የአካባቢ ልማት ፕላን፣ ማለትም ለአንድ ሰፈር በዝርዝር የሚሠራው ፕላን፣ ካለም አሳዩን በሉ። የተለመደው ክፍፍል ከመሬቱ 30 በመቶ ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 ለአረንጓዴና ለጋራ ቦታ፣ 40 ለሕንፃ ነው። የማህበራቱ ሳይት ፕላን ይህን ያሟላ ይሆናል፣ እንዳያዘናጋችሁ። ውስጡ ያማረ መንገድ ተስሎ ከበሩ ሲወጣ የሚጠብቀው ያችው የእናንተ ኮብልስቶን ነች።

3. ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ሜትር ይዘን ወረድን። ፕላኑ ላይ 15 ሜትር የተባለው መንገድ መሬት ላይ ግማሹም የለም። አጥር በልቶታል! አጥር ባደሱ ቁጥር አንድ ክንድ ሲገፉ፣ ሲገፉ። የእናቴ ጌሾ ሳይቀር መንገዱ ላይ ነው የበቀለው። ከዚያ በኋላ ጭቅጭቁ ከማህበራቱ ጋር መሆኑ ቀረና ጎረቤት ከጎረቤት ሆነ። መጀመሪያ አጥሬን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ሌላው በይሉኝታ ተከተለ፣ ዛሬም ሰላም የማይሉኝ አሉ። ይሁን። ካርታችሁ ላይ ለሌለ መሬት ካሳ እናገኛለን ብላችሁም አትልፉ። ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት ሁላችሁም አጥራችሁን ከካርታችሁ ጋር አስተያዩ፣ አለዚያ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው። ያ ባለሙያ እኛን ሲጠይቀን ደስታው ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

4 ብዬ ስለ ስፋት ልቀጥል ነበር፣ ግን ስፋቱ ብቻ አያድናችሁም። አንተም እኔም ያለነው ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ላይ ነው። ጠዋት ሰው የሚቆመው ሰፈር ውስጥ ሳይሆን አስፋልቱን ለመቀላቀል ነው። ባጃጁ፣ ተማሪው፣ የገበያ ቀን ሲሆን ደግሞ አህያው፣ በዚያ ላይ ጭነት መኪናው እየከነፈ ይመጣል። ሁለተኛ መውጫ ከሌለ መንገዱን ብታሰፉትም ወረፋው ጎን ለጎን ይሆናል እንጂ አይቀንስም። እሳት ቢነሳስ? አንድ ሲኖ መሀል ላይ ከተበላሸ ማን ይገባል?

ሲኖ ካልኩ አይቀር፣ ኮብልስቶኑን ነዋሪው አዋጥቶ ነው ያስነጠፈው። ክረምት ላይ አሸዋ የጫነ መኪና ሲገባበት ከሥሩ ያለው ዋልካ ይሰምጣል፣ ድንጋዩ ይገለበጣል፣ ቦዩ ይደፈናል። ገና አንድ ሰው ሳይገባበት መንገዱ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለተኛው መውጫ ከግንባታው በፊት ይከፈት፣ የግንባታ መኪናም በዚያ ብቻ ይግባ ብላችሁ በቃለ ጉባኤ አስይዙ። እኛ ይህን አግኝተናል። ገና ጠጠር ነው፣ ግን ተከፍቷል፣ እኛ ነን ያስከፈትነው።

መሬቱ ተሸንሽኖ ለማህበራቱ ሳይሰጥ ግን ፍጠኑ። ከተሸነሸነ በኋላ መንገድ ላውጣ ማለት የሰው ቦታ መንካት ነው፣ ደፍሮ የሚነካውም የለም። የማህበራቱን ሰብሳቢዎችም ይዛችሁ ሂዱ፣ ነገ በዚያው መንገድ የሚወጡት እነሱ ናቸው። ከእነሱ ጋር የሄድን ቀን ያ ባለሙያ ወንበር ሳበልን።

ደብዳቤውን መዝገብ ቤት ስታስገቡ ኮፒው ላይ ቁጥርና ቀን አስጽፉ፣ ማህተም አስመቱ። እኛን «አልደረሰንም» ብለውን ነበር፣ ማህተሙን ሳሳያቸው ፋይሉ ከመደርደሪያው ወጣ። የእኛን ደብዳቤ ማየት ከፈለግክ በውስጥ ጻፍልኝ፣ ፎቶ አንስቼ እልክልሃለሁ።