ሐራራና ምርቃና፦ የሱስን ሳይንስ ለመማር ለምታስቡ ልጆቼ

ልጆቼ፣

ባለፈው ወር አንዲት የፋርማሲ ተመራቂ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ አብራኝ በእግሯ ሄደች። ቤተሰቦቿ መድኃኒት ቤት እንድትከፍት ይፈልጋሉ። እሷ ግን ሱስ አንጎል ውስጥ ምን እንደሚሠራ ማጥናት አምሯታል። «ዶክተር፣ ይሄ ነገር እንጀራ ይሆናል?» አለችኝ። ራስ መኮንን ድልድይ ላይ መልስ ጀመርኩ። ፒያሳ ስንደርስ ገና አልጨረስኩም ነበር። ያንኑ ጥያቄ ይዛችሁ ቢሮዬ የምትመጡ ብዙ ናችሁና የቀረውን ለሁላችሁም ልጻፈው።

እንጀራ ይሆናል፤ ግን ቶሎ አይጋገርም። ማስተርስ ሁለት ዓመት ነው። ዶክትሬቱ በወረቀት አራት ይላል፤ አምስትና ስድስት የፈጀባቸው ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። አብረውኝ የተመረቁት ቤት ሲሠሩ እኔ ኪራይ እከፍል ነበር። ይህን ለቤተሰባችሁ ዛሬውኑ ንገሩ። ኋላ ከመጨቃጨቅ መጀመሪያ መነጋገር ይሻላል። ስለ ገንዘብ ይህን ያህል ይበቃል። የማወራችሁ ሌላ ነገር አለኝ።

ማስተርሴን ስማር ጫት የሚቅሙ ሰዎችን በመጠይቅ አነጋግር ነበር። አንድ ቀን መርካቶ አካባቢ አንድ የታክሲ ሹፌር አገኘሁ። ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ይጠጋል። «በሳምንት ስንት ቀን ይቅማሉ?» አልኳቸው። «ስድስት» አሉኝ። ከዚያ ያልጠየቅኳቸውን ጨመሩልኝ። «ልጄ፣ እኔ እኮ መመርቀን ካቆምኩ ቆየሁ። ሐራራው ግን ከድሮው ብሷል። የማያስደስተኝን ነገር እየሮጥኩ ነው የምገዛው።»

መጠይቄ ላይ ለዚህ የሚሆን ቦታ አልነበረም። «6» ብዬ ሞላሁና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍኩ።

ዓመታት አለፉ። ለዶክትሬት ውጭ አገር ሄድኩ። አንድ ምሽት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቴሪ ሮቢንሰንና ኬንት ቤሪጅ በ1993 እ.ኤ.አ. ያሳተሙትን ጽሑፍ ሳነብ ሹፌሩ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። ሁለቱ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሚሉት ይህን ነው። መፈለግና መውደድ አንጎል ውስጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዕፁ በተደጋገመ ቁጥር የመፈለጉ መንገድ እየሰላ ይሄዳል። መውደዱ ግን አብሮት አያድግም፤ እንዲያውም ሊቀንስ ይችላል። ሹፌሩ በሦስት ዓረፍተ ነገር የነገሩኝ ይህንኑ ነበር። እኔ ነኝ ሳልጽፈው ያለፍኩት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ልብ በሉ፣ የእኛ ሰው ለሁለቱም ቃል አለው። ምርቃናው መውደዱ ነው። ሐራራው መፈለጉ ነው። ጫት ቀምሶ የማያውቅ ሰው እንኳ ሁለቱን አያምታታም። እኔ ቃሎቹን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ኖሬ፣ ሳይንስ በእንግሊዝኛ ብቻ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።

የእነ ቤሪጅን ማስረጃ ደግሞ ስሙ። አይጥ ጣፋጭ ነገር ስትቀምስ ከንፈሯን ትልሳለች። አራስ ሕፃንም እንዲሁ ያደርጋል። ዶፓሚን የሚባለው ኬሚካል ከአንጎላቸው እንዲጠፋ የተደረጉ አይጦች ምግብ አጠገባቸው ተቀምጦ አይበሉም። ሰው ካላጎረሳቸው በረሃብ ይሞታሉ። ስኳር አፋቸው ውስጥ ጠብ ሲደረግላቸው ግን እንደ ጤነኞቹ ከንፈራቸውን ይልሳሉ። ጣዕሙን ይወዱታል። ያጡት ተነስቶ መፈለጉን ነው። ቲክቶክ ላይ ዶፓሚን «የደስታ ኬሚካል» ነው ሲባል ስትሰሙ እነዚህን አይጦች አስታውሱ።

ቮልፍራም ሹልትዝ የሚባለው የአንጎል ተመራማሪ ጦጣዎች ላይ ያየውም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ጦጣዋ መጀመሪያ ላይ ጭማቂ ስታገኝ የዶፓሚን ሴሎቿ ይነቃሉ። ከተለማመደች በኋላ ግን የሚነቁት ጭማቂው እንደሚመጣ የሚናገረውን ምልክት ስታይ ነው። ጭማቂው ራሱ ሲመጣ ዝም ይላሉ። አሁን ወደ ሰፈራችን ተመለሱ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን፣ በኮባ የተጠቀለለው ሱቁ ደጃፍ ላይ ሲታይ፣ ቅጠሉ አፍ ሳይነካ ሐራራው ይነሳል።

የዚህ ሁሉ ምርምር መነሻ ራሱ ሳይታሰብ የመጣ ነው። ጄምስ ኦልድስና ፒተር ሚልነር ሞንትሪያል በሚገኘው ማጊል ዩኒቨርሲቲ አይጦች አንጎል ውስጥ ቀጭን ሽቦ ያስገቡ ነበር። የአንዷ ሽቦ ከታሰበው ቦታ ስቶ ሌላ ቦታ አረፈ። ያቺ አይጥ በኤሌክትሪክ የተነካችበት የሳጥኑ ጥግ ላይ እየተመለሰች ትቆም ጀመር። «ተበላሸች» ተብላ ልትጣል ትችል ነበር። ኦልድስ ግን ተከታተላት። በኋላ ማንሻ ሲሰጧቸው አይጦቹ ያንን ኤሌክትሪክ ለማግኘት ደጋግመው ይጫኑት ነበር። ጽሑፉ በ1954 እ.ኤ.አ. ወጣ። እስካሁን እንጠቅሰዋለን።

ስለዚህ ደብተር ያዙ። ከቅጹ ውጭ የተነገራችሁን፣ ከጠበቃችሁት የተለየውን፣ የማይገጥመውን ነገር እዚያው ጻፉ። በተናጋሪው ቃል ጻፉት፤ በእናንተ ቃል አታሳምሩት።

አንድ ተማሪዬ የጫትን ጉዳይ በአይጦች ላይ ለማጥናት ፕሮፖዛል አቀረበ። ቅጠሉን ገዝቶ፣ ፀሐይ ላይ አድርቆ፣ ፈጭቶ ሊጠቀም አስቧል። «መጀመሪያ ጫት የምትሸጥ ሴት ጠይቀህ ና» አልኩት። በማግስቱ እየሳቀ ተመለሰ። «የደረቀ ጫት ለፍየል ነው» ብላዋለች። የተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ በ1975 እ.ኤ.አ. ካቲኖንን ከትኩስ ቅጠል ለይቶ አወጣ። ጫትን ጫት የሚያደርገው ዋናው ንጥረ ነገር እሱ ነው፤ አሠራሩ አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ ዕፅ ጋር ይመሳሰላል። ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲደርቅ ካቲኖኑ ወደ ካቲን ይለወጣል። ካቲን ደግሞ በጣም ደካማ ነው። ያቺ ሴት ኮባውን የምትጠቀልለው፣ ውሃ የምትረጨው ለዚህ ነው። የኬሚስትሪ ክፍል ሳትገባ ሥራውን ታውቀዋለች። ተማሪዬ ዘዴውን ቀየረ፤ ጠዋት ገዝቶ ያኑ ዕለት ማዘጋጀት ጀመረ።

የማይነገራችሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በአንድ የበዓል ሰሞን በምሠራበት ተቋም መብራት ጠፋ። ጀነሬተሩን የሚያስነሳ ሰው አልነበረም። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ መቆየት የነበረበት ዲፕ ፍሪዘር ቀልጦ አገኘሁት። የሁለት ዓመት ናሙና ውስጡ ነበር። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ የበዓል ተራ የሚይዝ ሰው ስም በሩ ላይ ሳይለጠፍ ወደ ቤቴ አልሄድም። እናንተም ሥራ ስትጀምሩ ስለ ማይክሮስኮፑ ከመጠየቃችሁ በፊት ስለ ጀነሬተሩ ጠይቁ። ያን ዓመት እጄ ላይ የቀረው ደብተሬ ብቻ ነበር። ቀጣዩን የምርምር ጥያቄዬን ያገኘሁት ከእሱ ነው።

ከውጭ የታዘዘ ኬሚካል ስድስት ወር ሊቆይ ይችላል። እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትጠብቁ። ስታቲስቲክስ ተማሩ። አር እና ፓይተን የሚባሉት የኮምፒውተር ቋንቋዎች በነፃ የሚገኙ ናቸው፤ ዳታ መተንተን የሚችል ተማሪ የትኛውም ቡድን ውስጥ ቦታ አያጣም። ጽሑፍ ለማንበብ ገንዘብ የለኝም አትበሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመራው ሂናሪ በኩል ብዙ ጆርናሎች ይከፈታሉ፤ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችን ጠይቁ። ዓለም አቀፉ የአንጎል ምርምር ድርጅት፣ አይብሮ የሚባለው፣ ለአፍሪካ ወጣቶች አጫጭር ሥልጠናዎች ያዘጋጃል። አመልክቱ። ካልተሳካ በዓመቱ ድገሙ።

አማካሪ ስትመርጡ በዝናው አትማረኩ። የቀድሞ ተማሪዎቹን ፈልጋችሁ «ድራፍት ስትሰጠው በስንት ጊዜ ይመልሳል?» በሏቸው። እኔ ጽሑፌን ስምንት ወር ጠረጴዛ ላይ ያቆየብኝ ሰው ገጥሞኛል። መንፈሴን ሰብሮት ነበር።

አሁን አጥብቄ የምለምናችሁ ነገር። ሐራራ ላይ ያለን ሰው የስምምነት ቅጽ አታስፈርሙ። ያ ሰው ቶሎ ለመሄድ የሰጣችሁትን ሁሉ ይፈርማል። ሌላ ሰዓት ቅጠሩት፤ ውሃ ስጡት፤ ቅጹን ቁጭ ብላችሁ አንብቡለት። «ጀዝባ» የሚለውን ቃል ላቦራቶሪያችሁ ውስጥ አታስገቡ፤ በቀልድም ቢሆን። የምታጠኑት አንጎል ባለቤት አለው። ልጆች አሉት፣ እናት አለችው፣ ለማቆም ስንት ጊዜ እንደሞከረ የሚያውቀው እሱ ነው። ይህን መሸከም የማይችል ሰው ሌላ የሳይንስ ዘርፍ ቢመርጥ ደስ ይለኛል፤ ብዙ ጥሩ ዘርፍ አለ።

ያቺ የፋርማሲ ልጅ ባለፈው ሳምንት ተመልሳ መጣች። ከቤተሰቦቿ ጋር ተነጋግራ አንድ ዓመት ሰጥተዋታል። ሱስ የሚታከምበት አንድ ክሊኒክ ፈቅዶላት ሦስት ቀን ቁጭ ብላ አዳምጣለች። የማንንም ስም ሳትጽፍ አንድ ገጽ ሞልታለች። መጀመሪያው መስመር ላይ አንድ ወጣት የተናገረው አለ፦ «ሐራራውንስ እችለዋለሁ። የሚመልሰኝ ዱካኩ ነው። ካቆምኩ በኋላ እንቅልፍ ውስጥ እየመጣ ያፍነኛል።»

ሐራራና ምርቃና ላይ ይህን ሁሉ ዓመት ስሠራ ዱካክን ዞር ብዬ አላየሁትም። ማክሰኞ ጠዋት ሁለታችንም ደብተሮቻችንን ይዘን እንቀመጣለን። መምጣት የምትፈልጉ ኑ፤ ወንበር አለ።