ፌልት እስኪገኝ አትጠብቂ፣ የበግ ፀጉር ሹራብ ፈልጊ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አነበብኩት። ሦስት ነገር ነው የጠየቅሽው። አዲስ አበባ ውስጥ ጥሩ ፌልት፣ ያ ሳይሸመን ከተጠላለፈ ፀጉር የሚሠራው ወፍራም ጨርቅ፣ የት ይገኛል? የፌልት ዕቃ መሥራት ያለ ስፌት መኪና በእጅ ብቻ መጀመር ይቻላል? ለመጀመሪያስ ምን ብሠራ ይሻላል? ሜክሲኮ አካባቢ ቢሮ እንደምትሠሪ፣ ማታ ማታ ከስልክ የሚያላቅቅሽ ነገር እንደምትፈልጊም ጽፈሻል። እኔ ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፤ ጎረቤት ነን ማለት ነው። ይሄን ሥራ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

በመጀመሪያው ጥያቄ ልጀምር፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚያ ላይ ነው። ጽሕፈት መሣሪያ ቤቶች ውስጥ ስስ፣ ቀለሙ የደመቀ፣ እንደ ወረቀት የተቆረጠ ፌልት ታገኛለሽ። እሱ አብዛኛው ከፖሊስተር ወይም ከአክሪሊክ የተሠራ ነው። ለልጆች የትምህርት ቤት ሥራ በጣም ጥሩ ነው። ለሚዳሰስና ለሚገለገሉበት ዕቃ ግን አይሆንም። ትንሽ ስትጠቀሚበት ይንጨባረራል፣ ሲጎተት ይለጠጣል፣ ሙቀት ሲነካው ይቀልጣል።

ይሄን የተማርኩት ከስሬ ነው። መጀመሪያ የሠራሁት የጀበና ማስቀመጫ ነበር። ከአንድ ሱቅ "ንጹሕ ሱፍ ነው" ተብዬ የገዛሁትን ቀይ ፌልት ሦስት ድርብ አድርጌ፣ ዙሪያውን በነጭ ክር ጠልፌ፣ ሁለት ማታ ለፍቼበታለሁ። እሑድ ቡና ተፈላ፤ ጀበናው ከምድጃው ወርዶ እሷ ላይ ተቀመጠ። ሲነሳ አብራ ተነሳች። ቀይ ሙጫ ሆና የጀበናው ቂጥ ላይ ተጣብቃለች። ያን ቀን በጣም ነበር ያዘንኩት። በኋላ ግን ከእውነተኛ ሱፍ ሌላ ሠራሁ። እሷ አሁንም አለች። ጠርዟ ትንሽ ጠቆረ እንጂ አልቀለጠችም።

እና ምክሬ ይሄ ነው። ፌልት አትፈልጊ፣ ሱፍ፣ ማለትም የበግ ፀጉር፣ ፈልጊ። ፌልቱን ራስሽ ቤትሽ ትሠሪዋለሽ። ሱፉ ደግሞ ሰልባጅ ውስጥ ሞልቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፌልት እንደ ሸማ የተሸመነ አይደለም፤ ድርና ማግ የለውም። የበግ ፀጉር በአጉሊ መነጽር ሲታይ ላዩ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቧል። ሙቅ ውሃና ሳሙና ሲያገኝ ቅርፊቱ ይከፈታል። ሲታሽ አንዱ ፀጉር ከሌላው ይጠላለፋል። አንዴ ከተጠላለፈ አይላቀቅም። እናቶቻችን "ሹራብ በሙቅ ውሃ አትጠቡ" የሚሉት ለዚህ ነው። እኛ ግን ሆን ብለን በሙቅ ውሃ እናጥበዋለን። የሚወጣው ወፍራም፣ ለስላሳ፣ በመቀስ ሲቆረጥ የማይተረተር ጨርቅ ነው። የበግ ፀጉር ደግሞ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። በርኖሱም የመንዝ ባናም ከእሱ ነው የሚሠራው።

ሰልባጅ ስትገዢ አንድ ነገር ልብ በይ። "ሱፍ አለ?" ብለሽ ከጠየቅሽ ሻጩ ሙሉ ልብስ ያወጣልሻል። "የበግ ፀጉር ሹራብ" በዪ። ከዚያ አንገቱ ወይም ጎኑ ላይ ያለውን ምልክት አንብቢ። በእንግሊዝኛ "ዉል"፣ በጣሊያንኛና በስፓኒሽ "ላና" ይላል። "ሜሪኖ" ወይም "ላምስዉል" ካለም ደስ ይበልሽ። መጠኑ 100 ከመቶ ቢሆን ይመረጣል፣ ከ80 በታች ከሆነ ግን ተዪው። ሳፋ ውስጥ የገባ እጅ የሚያሳይ ሥዕል ካለው ጥሩ ምልክት ነው። "በማሽን ይታጠባል" የሚለውን አትግዢ። እሱ እንዳይጠብ ተብሎ በፋብሪካ የታከመ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ብታሺው አይጠብም። እኔ ሁለት አሽቼ ሁለቱንም የወለል መወልወያ አድርጌአቸዋለሁ።

ምልክቱ ተቆርጦ ከሆነ አንገትሽ ላይ አስጠጊው። የበግ ፀጉር ትንሽ ያሳክካል። ቤት ስትደርሺ ከውስጥ ስፌቱ አንዲት ክር ምዘዢና ሳህን ላይ በክብሪት ለኩሺያት። ሱፍ ከሆነች የተቃጠለ ጠጉር ትሸታለች፣ ቶሎ ትጠፋለች፣ አመዷ በጣት ይፈጫል። አክሪሊክ ከሆነች ቀልጣ ጠንካራ ዶቃ ትሆናለች። ይሄን ገበያ ውስጥ በፍጹም አታድርጊው። በጨርቅ ክምር መሃል እሳት የሚጫር ነገር አይደለም።

ቀዳዳ ያለው፣ ክርኑ ያለቀ፣ እድፍ የነካው ሹራብ አይናቅ። እሱን ማንም ስለማይፈልገው በርካሽ ይሰጡሻል። አንቺ የምትፈልጊው ጀርባውንና እጅጌውን ነው። ቀለም ስትመርጪ ግን አትቸኩዪ። እኔ የምገዛው ቦንዳ በተፈታበት ጠዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ጥቁርና ግራጫ ብቻ ይቀራል።

አጠባው እንዲህ ነው። ልደታ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ እኔ ቀኑን እጠብቃለሁ። አንድ ትልቅ ሳፋ ሙቅ ውሃ፣ ሌላ ባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ አዘጋጃለሁ። ሙቁ የሚፈላ መሆን የለበትም። እጅ በጓንት የሚችለው፣ ያለ ጓንት የማይችለው ያህል ይበቃል። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አደርግበታለሁ። ብዙ ከሆነ አረፋው እጅሽን ያንሸራትተውና ማሸቱ ሥራ አይሠራም። ሹራቡን ሳትቆራርጪ ከነሙሉው ንከሪው። ከዚያ እሺው፣ እንደ ሊጥ ጭመቂው፣ ገልብጪው። ልክ የእንጀራ ሊጥ ስታቦኪ እንደሚሆነው ክንድሽ ይደክማል። ውሃው ሲቀዘቅዝ ቀይሪ። በመሃል ቀዝቃዛው ውስጥ ንከሪው፣ ወዲያው ወደ ሙቁ መልሺው።

ለመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ ምንም የሚሆን አይመስልም። እንዲያውም ሹራቡ ይለጠጥና "አበላሸሁት" ትያለሽ። አትተዪው። ከዚያ በኋላ ድንገት እጅሽ ውስጥ ጠንከር ይላል። ብርሃን ላይ ዘርግተሽ እዪው። የሹራቡ ዓይን ዓይን መታየቱን ካቆመ ደርሷል። ጥርጣሬ ካለሽ ከሥሩ ጥግ በመቀስ ትንሽ ቁረጪና ጠርዙን ሳቢ። ክር ካልተመዘዘ ጨርሰሻል። አለቅልቀሽ፣ በፎጣ ጠቅልለሽ ቁሚበት፣ ከዚያ ዘርግተሽ አድርቂው። ገመድ ላይ አትስቀዪው፣ ቅርጹ ይበላሻል። እጣቢውን ስትደፊ በወንፊት አጥልዪ። ፀጉሩ የኮንዶሚኒየም ቱቦ ይዘጋል፤ ታች ያሉ ጎረቤቶቼን አንድ ጊዜ አስቸግሬአለሁ። ውሃው ራሱ ደረጃ ለማጠብ ይሆናል።

የደረቀውን ፌልት ንጹሕ አድርገሽ በታሰረ ፌስታል አስቀምጪ። ብል ከነካው ስድስት ወር የሰበሰብሽው ሁሉ ወንፊት ይሆናል።

የስፌት መኪና አትግዢ። ቢያንስ አሁን አትግዢ። ፌልት የሚዘመዘም ጠርዝ የለውም። የሚታየው ውበቱም የእጅ ስፌቱ ነው። የሚያስፈልግሽ ዓይኗ ረዘም ያለች የጥልፍ መርፌ፣ የጥልፍ ክርና ጨርቅ ብቻ የሚቆርጥ መቀስ ነው። መቀሱን ልጆች ለወረቀት እንዳይነኩት ደብቂው። ወረቀት ስለቱን ይገድለዋል፣ ከዚያ ፌልቱን ከመቁረጥ ይልቅ ያኝከዋል። የጥልፍ ክር ስድስት ቀጫጭን ክሮች ተጠማዝዘው ነው የሚሸጠው። ሁለቱን ወይም ሦስቱን ለይተሽ ነው የምትሰፊው፣ ስድስቱን አይደለም። ሙካሽ የሚያምርሽ ከሆነ ለጌጥ ብቻ፣ በጣም አጭር አድርገሽ ተጠቀሚ። ወፍራም ፌልት ውስጥ ሲመላለስ ይበጣጠሳል።

ፒያሳ አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ፤ ሰፈሩ በ2016 ሲፈርስ ተነሳ። አሁን የት እንዳለ አጣሁት። ገና ጀማሪ ሳለሁ ረጅም ክር ይዤ ሲቋጠርብኝ አየና "ክር ከክንድ አይብለጥ" አለኝ። ከክርን እስከ መሃል ጣት ጫፍ ማለቱ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክር ተቋጥሮብኝ አያውቅም። ወፍራም ነገር ሲኖረኝ እሱ ጋ እወስድ ነበር። ቁጥር 14 መርፌ አድርጎ፣ ስፌቱን ሰፋ አድርጎ ይመታልኝ ነበር። አንቺም ሰፈርሽ ያለ ልብስ ሰፊ ተወዳጂ። መኪና ከመግዛት ይሻላል። ብጣሽ ጨርቅም ለገበር በነጻ ታገኛለሽ።

ማወቅ ያለብሽ ስፌት ሁለት ብቻ ነው። አንደኛው ወደ ኋላ እየመለሱ የሚሰፉት ነው፤ ለሚጠነክር ቦታ ይሆናል። ሁለተኛው የብርድ ልብስ ጠርዝ ላይ የምታዪው ነው። መርፌዋን ከጠርዙ ግማሽ ሴንቲ ገባ አድርገሽ ከላይ ወደ ታች ውጊ። ስታወጪያት ክሩ ከመርፌዋ ሥር ይለፍ። ሳብ ስታደርጊው ክሩ ጠርዙ ላይ ይተኛል። በጣም አትሳቢው፣ ፌልቱ ይጨማደዳል። እርቀቱ እኩል እንዲሆን መጀመሪያ በአውራ ጣትሽ ጥፍር ለኪ። ከሃያኛው በኋላ እጅሽ ራሱ ያውቀዋል።

ለመጀመሪያ ምን ልሥራ ላልሽው፣ የአደይ አበባ ብሮሽ ሥሪ። ትንሽ ናት፣ በአንድ ማታ ታልቃለች፣ እጅሽን ሁሉንም ነገር ታስተምረዋለች።

ቢጫ የበግ ፀጉር ሹራብ እምብዛም አይገኝም። ነጭ ወይም ክሬም ግዢና በእርድ ቀቅዪው። ለአንድ እጅጌ ሁለት የሾርባ ማንኪያ እርድ ይበቃል። በቀስ ያለ እሳት ግማሽ ሰዓት ይቆይ፣ ውስጡ እንዳለ ይቀዝቀዝ። የሚወጣው ቢጫ መስከረም ላይ እንጦጦ የምታዪው ነው። ፀሐይ ላይ ከዋለ ግን ቶሎ ይደበዝዛል፤ መስኮት ሥር አታስቀምጪው። ለመሃሉ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ሰብስበሽ ቁራጭ ፌልት ቀቅዪበት። ወደ ቡናማ ያዘነበለ ብርቱካናማ ይሰጥሻል።

የቡና ሲኒ ወረቀት ላይ ድፊና አፉን ዙሪያውን አስምሪ፣ ቁረጪው። ክቡን ሦስት ጊዜ እጠፊ። ጫፉን ሞላላ አድርገሽ ስትቆርጪና ስትዘረጊው ስምንት ቅጠል ይወጣልሻል። ያንን ፌልቱ ላይ በስፒል ያዢና ቁረጪ። መሃሉ ላይ አንድ ሴንቲ ያህል ሳይነካ ይቅር። መሃሉን ዙሪያውን ወስውሺና ክሩን በትንሹ ሳብ አድርጊው። ቅጠሎቹ ቀና ይላሉ፤ ጠፍጣፋ ጨርቅ የነበረው አበባ የሚሆነው እዚያች ደቂቃ ላይ ነው። እኔ እስካሁን ደስ ይለኛል።

ለመሃሉ ስፋቱ አንድ ሴንቲ፣ ርዝመቱ አሥር ሴንቲ የሆነ ቁራጭ ውሰጂ። አንዱን ጎን እስከ ግማሹ በቀጫጭኑ ተልትዪው። አጥብቀሽ ጠቅልዪ፣ ሥሩን በመርፌ ወዲያና ወዲህ ውጊና እሰሪው። አበባው መሃል አስቀምጠሽ ከጀርባ አራት አምስት ጊዜ ስፊ። ጀርባውን በትንሽ ክብ ፌልት ሸፍኚ፣ ዙሪያውን በብርድ ልብስ ስፌት ዝጊ፣ መርፌ ቁልፍ ስፊበት። የመጀመሪያዋ ሁለት ሰዓት ትፈጅብሽ ይሆናል። እኔ አሁን በአርባ ደቂቃ እጨርሳለሁ።

ባለፈው እንቁጣጣሽ ለእናቴ ማኅበርተኞች አሥራ ሁለት ሠርቼ ነበር። እናቴ የዳንቴል ሰው ናት። በወጣትነቷ ሶፋውንም ቴሌቪዥኑንም በኪሮሽ ያለበሰች። ብሮሿን ተቀበለችኝና መነጽሯን አደረገች። አበባዋን አላየችም። በአውራ ጣቷ ጠርዙን ዙሪያውን ዳሰሰችው።

"አልዘመዘምሽውም እኮ!" አለችኝ።

"አይተረተርም እማዬ።"

አላመነችኝም። በጥፍሯ አንዷን ቅጠል ፈተገቻት፣ ሳበቻት። ምንም ክር አልወጣም። ዝም ብላ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ሰበሰበችና በእሷ ያዘችው። በበነጋታው ደውላ "ለእትዬ ደግሞ ከፍ ያለች አድርጊላት" አለችኝ።

ከብሮሿ በኋላ የመነጽር ኪስ ሥሪ። የሹራቡ እጅጌ ራሱ ቱቦ ስለሆነ አንድ ጎን ብቻ ነው የሚሰፋው። ከዚያ የጀበና ማስቀመጫ። ለእሱ የጀርባውን ወፍራሙን ክፍል አስቀሪ፣ ሁለት ድርብ አድርጊው፤ ክሩም ጥጥ ይሁን። የፖሊስተር ክር እሱም ይቀልጣል።

ስለ መሸጥ ጎን ለጎን አንስተሻል። ለመጀመሪያው ዓመት አታስቢው። እኔ ትእዛዝ የተቀበልኩ ወር ሃምሳ አንድ ዓይነት የቁልፍ መያዣ ስሰፋ ማታዬን ጠላሁት። አሁን ለስጦታ ብቻ ነው የምሠራው።

እኔ የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት መርካቶ እሄዳለሁ፤ ለክረምት ግራጫና ነጭ ያስፈልገኛል። ብቻሽን መምረጥ ከከበደሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ አብረን እንሂድ። ትልቅ ፌስታል ይዘሽ ነይ።