ከኢምፖርት በፊት ቪዲዮውን ቦታ አስይዢው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ማታ ነው ያየሁት። በስልክ ተጽፎ የሚያልቅ ስላልሆነ ላፕቶፕ ላይ ቁጭ ብዬ ልመልስልሽ ብዬ ነው የዘገየሁት።

ጥያቄውን ላላያችሁት፦ እህታችን በሦስት ካሜራ የተቀረጸ ሠርግ ፕሪሚየር በሚባለው የቪዲዮ ኤዲቲንግ ፕሮግራም ላይ ኢምፖርት አድርጋ (አስገብታ) ግማሹን ቆርጣ ጨርሳለች። ላፕቶፑ ሲሞላባት «ፕሪሚየር ውስጥ ገብቷል» ብላ ዴስክቶፕ ላይ የነበረውን ፎልደር ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አዛወረችው። አሁን ፕሮጀክቱን ስትከፍተው «ሚዲያ ኦፍላይን» (ቪዲዮው አልተገኘም) እያለ ሁሉም ቀይ ሆኗል። ሙሽሮቹም እየደወሉ ነው።

በመጀመሪያ ተረጋጊ። ሥራሽም ቪዲዮውም አልጠፋም። ባሕር ዳር ውስጥ ሠርግ ኤዲት ማድረግ እንጀራዬ ነው፤ ይሄን ቀይ ስክሪን በደንብ አውቀዋለሁ። ከላይ ኮሜንት ላይ አንድ ወንድማችን «ዊንዶውሱን ፎርማት አድርጊና ፕሪሚየሩን እንደ አዲስ ጫኚው» ያለሽን ግን እባክሽ አትስሚ። ለዚህ ችግር መፍትሔ አይደለም፤ የቀረሽንም ያጠፋብሻል።

ፕሪሚየር ኢምፖርት ስታደርጊ ቪዲዮውን ወደ ውስጡ አይወስድም። የፕሮጀክቱን ፋይል እንደ ዕድር መዝገብ እዪው። ስምና የቤት ቁጥር ይዟል፤ ሰዎቹ ግን ያሉት እየቤታቸው ነው። 500 ጊጋ ሠርግ ኤዲት አድርገሽ ፕሮጀክቱ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ የሚሆነው ለዚህ ነው። ፎልደር ስታዛውሪ ወይም ስሙን ስትቀይሪ አድራሻው ይፋለሳል። ትናንት ኢ ድራይቭ የነበረው ኤክስተርናል ዛሬ ኤፍ ሆኖ ሲመጣም እንደዚያው።

አሁን እንዲህ አድርጊ።

1ኛ) ኤክስተርናሉን ሰክተሽ ፕሮጀክቱን ክፈቺ። «ሊንክ ሚዲያ» የሚል መስኮት ይመጣል። ካልመጣ ፕሮጀክት ፓነሉ ላይ ክሊፖቹን መርጠሽ ቀኝ ክሊክ ስታደርጊ ታገኚዋለሽ። «ሪሊንክ አዘርስ አውቶማቲካሊ» የሚለው ላይ ምልክት መኖሩን አረጋግጪ። ከዚያ «ሎኬት» ብለሽ አንድ ፋይል ብቻ አሳዪው። በፎልደሮቹ ውስጥ ያለውን አቀማመጥ ካልነካካሽው ሌሎቹን ራሱ ፈልጎ ያገኛቸዋል።

2ኛ) ይሄ እንዲያውም ከ1ኛው መቅደም ነበረበት። ምንም ከመንካትሽ በፊት የፕሮጀክቱን ፋይል ሌላ ቦታ ኮፒ አድርገሽ አስቀምጪ። የተበላሸ ነገር ቢኖር ወደዚያ ትመለሻለሽ።

3ኛ) እዚህ ጋ ቀስ በይ። ሦስት ካሜራ ነው ያልሽው። ሶኒ ከሆኑ የፋይሎቹ ስም ሲ0001፣ ሲ0002 እያለ ነው የሚሄደው። ካሜራው ላይ የፋይል ቁጥሩ «ሪሴት» ላይ ከሆነ ደግሞ አዲስ ሚሞሪ በገባ ቁጥር ከ0001 ይጀምራል። ስለዚህ ሲ0001 በሙሽራዋ ቤትም አለ፣ በሙሽራው ቤትም አለ፣ ሐይቁ ዳር በተቀረጸውም አለ። ፕሪሚየር በስም ብቻ ሲፈልግ መጀመሪያ ያገኘውን ያገናኛል። ቀዩ ይጠፋል፤ አንቺም ተስተካከለ ትያለሽ። ታይምላይኑን ስታጫውቺው እናቷ የሚያለቅሱበት ቦታ ላይ ጀልባ ታያለሽ። እኔ ከቀዩ ይልቅ ይሄን ነው የምፈራው፤ ቀዩ ቢያንስ ዓይን ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሦስቱን ካሜራ አንድ ላይ አታገናኚ። የአንዱን ካሜራ ክሊፖች ብቻ መርጠሽ የራሱን ፎልደር አሳዪው፤ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ሂጂ። ሊንክ ሚዲያ መስኮቱ ላይ ከፋይል ስም በተጨማሪ «ሚዲያ ስታርት» የሚለውንም ምልክት አድርጊበት። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ታይምኮዱ (ካሜራው ክሊፑ ላይ የሚመዘግበው የሰዓት ቁጥር) የተለያየ ክሊፕ እንዳያደናግረው ይረዳል። ሲጨርስ በዓይንሽ እያየሽ አረጋግጪ።

4ኛ) ዲስክሽን ለማንም አትስጪ። ይሄን የምለው በምክንያት ነው።

በፊት ተቀጥሬ የምሠራበት አንድ ስቱዲዮ ነበር። ባለቤቱ ለሌንስ ሲሆን እጁ አይታጠፍም፤ ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ግዛ ሲባል ግን «ያለው መች ሞላና ነው» ይላል። ጥር ላይ ከጥምቀት በኋላ ያለውን የሠርግ ጥድፊያ ታውቂዋለሽ። ዛሬ የተቀረጸው ወደ አንዷ ኤክስተርናል ይገለበጣል፤ ሚሞሪዎቹ ወዲያው ፎርማት ተደርገው ለነገው ሠርግ ይወጣሉ። ሌላ ኮፒ የለም። «አንድ ቀን ጉድ እንሆናለን» እያልኩ ነግሬዋለሁ። ዲስኳ ማክ ካለው ካሜራ ማን ጋር የምንጋራት ስለነበረች ኤክስፋት በሚባለው ዓይነት ፎርማት የተደረገች ነበረች። ኤክስፋት ማክም ዊንዶውስም ላይ ይሠራል፤ ግን እየጻፈ እያለ ኃይል ሲቋረጥ እንደ ኤንቲኤፍኤስ (የዊንዶውስ የራሱ ፎርማት) ራሱን የሚያስተካክልበት መዝገብ የለውም። አንድ ቀን ፋይል እየተገለበጠ መብራት ሄደ። ሲመጣ ዊንዶውስ ዲስኩን ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት አድርጉ የሚለውን መልእክት አወጣ።

እኔ «ካንስል በሉት፣ ማንም እንዳይነካው» አልኩ። ባለቤቱ ግን አላስቻለውም፤ ዲስኩን ይዞ ወደ አንድ ጥገና ቤት ሄደ። ተከተልኩት። ልጁ ዲስኩን ሰካ። ያው መልእክት መጣ። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን ፎርማት የሚለውን ተጫነው። ከዚያ ባዶውን ዲስክ ከፍቶ «ይኸው ሠራ» አለን። «ውስጡ እኮ የሰው ሠርግ ነበር!» ስለው «ዳታ አለው ብላችሁኛል እንዴ? ዲስክ አስተካክል አላችሁኝ፣ አስተካከልኩ» አለኝ። ገንዘቡንም ተቀበለ። ስንከራከረው «ሥራ አታስፈቱኝ» ብሎ ፊቱን አዞረ። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። የሰው ዲስክ ሲቀበል መጀመሪያ «ውስጡ ምን አለ?» ብሎ የማይጠይቅ ሰው ጥገና ቤት ከፍቶ መቀመጥ የለበትም።

ያቺ ዲስክ ውስጥ የሙሽራዋ አያት ምርቃት ነበር። ከዘጌ በጀልባ ተሻግረው የመጡ ትልቅ ሰው ናቸው። ሙሽራዋ ጉልበታቸውን ስትስም እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው፣ ሰው ሁሉ «አሜን» እያለ መረቋት። ቤተሰቡ ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀው «የእማማ ምርቃት ጥሩ ወጣ?» ብሎ ነበር። ይሄ ጠፋ ተብሎ እንዴት ይነገራል?

ዲስኩን ከልጁ እጅ ነጥቄ ማለት ይቻላል ወሰድኩት። ዊንዶውስ በተለምዶ የሚያደርገው ፈጣኑን ፎርማት ነው። ያ ማውጫውን እንጂ ቪዲዮውን ራሱን አይደመስሰውም፤ ላዩ ላይ ሌላ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ። (ይሄ ለሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው። ኤስኤስዲ ከሆነ ትሪም የሚባለው አሠራር ብዙ ጊዜ ቶሎ ያጸዳዋል፤ ተስፋው ጠባብ ነው።) ከጓደኛዬ ሌላ ዲስክ ተዋስኩ። ፎቶሬክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ በእሱ አስነሣሁት። የተገኘው ሁሉ ወደ ሌላኛው ዲስክ ነው መግባት ያለበት፤ ወደዚያችው ከመለስሽው ያልተነሣውን ራስሽ ትደመስሽዋለሽ።

ፋይሎቹ መጡ። ግን ሲ0001 የሚባል ነገር የለም፤ ፎልደርም የለም። ፎቶሬክ የፋይሉን ዓይነት እየለየ ስለሚያነሣ የድሮ ስሙን አያውቀውም። ሁሉም በረጃጅም ቁጥር ተሰይመዋል። ደግነቱ የፕሪሚየሩ ፕሮጀክት የተቀመጠው ኮምፒውተሩ ላይ ነበር። ፕሮጀክት ፓነሉን በዝርዝር ስታዪው «ሚዲያ ዱሬሽን» የሚል አምድ አለ። ክሊፑ ኦፍላይን ቢሆንም ርዝመቱን እስከ ፍሬም ድረስ ይነግርሻል። እኔም የተነሡትን ፋይሎች በርዝመት ደርድሬ፣ ከፕሮጀክቱ ጋር እያስተያየሁ አንድ በአንድ አገናኘሁ። ዲስኩ ላይ ተበጣጥሰው የተጻፉት አልከፈቱም። የሐይቁ ዳር ቀረጻ ግማሹ እንደዚያ ቀረ። የአያትየው ምርቃት ግን ከነድምፁ፣ ከነ«አሜኑ» ሙሉው ወጣ። ይሄን እኔ ነኝ ያወጣሁት፤ ደስታውም ሌላ ነው። ባለቤቱ ምን አለ መሰለሽ? ሙሽሮቹ «የሐይቁ ለምን አጠረ?» ሲሉት «ኤዲተሩ ነው ያሳጠረው» አላቸው። እኔ እዚያው ቆሜ። ከዚያ በኋላ አብሬው አልቆየሁም፤ የራሴን ጀመርኩ።

አሁን የራሴ ሥራ ላይ ደንቡ አንድ ነው። ቪዲዮው ቋሚ ቦታውን ሳይዝ ፕሪሚየር አይከፈትም።

መጀመሪያ ቦታውን አስሊው። ካሜራሽ በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ከሆነ በሰዓት ወደ 45 ጊጋ ነው። ሦስት ካሜራ እያንዳንዱ አራት ሰዓት ቢቀርጽ 540 ጊጋ ይሆናል። ላፕቶፕሽ መሙላቱ አይግረምሽ። ይሄን ደግሞ ሁለት ቦታ ማስቀመጥ አለብሽ፤ አንዱ ዲስክ የምትሠሪበት፣ ሌላው ቁም ሳጥን ውስጥ የሚቀመጥ። ቢቻል ሁለተኛው ሌላ ቤት ይሁን። የዲስኩን ዋጋ የሠርጉ ውል ላይ ጨምሪው። ለአበባና ለዲኮር ያን ያህል የሚከፍል ደንበኛ፣ ቪዲዮው በሁለት ዲስክ ይቀመጣል ስትዪው አይጨቃጨቅም። እኔን እስካሁን የተከራከረኝ የለም።

ሚሞሪውን ስትገለብጪ «ከት» አትበዪ፤ ኮፒ ነው። ከት ስትዪ አንዱን ፋይል ባሻገረ ቁጥር ከሚሞሪው ያጠፋዋል፤ መብራት መሃል ላይ ሲሄድ የቱ የት እንዳለ አታውቂም። ቴራኮፒ የሚባለውን የመገልበጫ ፕሮግራም ከጫንሽ «ቬሪፋይ» የሚለውን አብሪው፤ የተገለበጠው ከዋናው ጋር አንድ መሆኑን ያመሳክርልሻል። የሚሞሪውን ፎልደር ደግሞ እንዳለ ውሰጂው፤ ቪዲዮውን ብቻ መርጠሽ አታውጪ። ሁለቱ ዲስኮች ላይ ከፍተሽ ሳታዪ ሚሞሪ ፎርማት አይደረግም። ካሜራ ማኑ ቢቆጣም ይቆጣ።

የፎልደር ስም ላይ የአገራችንን ቀን ተጠቀሚ፤ ደንበኛው የሚያስታውሰው እሱን ነው። ዓመቱን አስቀድሚ። የጥር 18 ቀን 2017 ሠርግ «2017-05-18» ይባላል፤ እንዲህ ሲሆን በቅደም ተከተል ይደረደራል። ካሜራው ግን በፈረንጅ ቀን 2025-01-26 ብሎ ነው የሚመዘግበው፤ ሁለቱን እንዳታደባልቂ። ሰዓቱንም ቀረጻ ሳይጀመር አስተያዪ። አንዱ ካሜራ ማን በሐበሻ ሰዓት፣ ሌላው በፈረንጅ ሰዓት ሞልቶት መጥቶ የስድስት ሰዓት ልዩነት ያለው ቀረጻ ስንት ጊዜ አስለፍቶኛል። ከዚያ በውስጡ ለእያንዳንዱ ካሜራና ለእያንዳንዱ ሚሞሪ የራሱ ፎልደር ክፈቺ። ያኔ ሲ0001 ሦስት ቢሆንም የቱ የማን እንደሆነ ይታወቃል።

ኤክስተርናሉ ፊደሉን እየቀያየረ እንዳያስቸግርሽ ዊንዶውስ ውስጥ ዲስክ ማኔጅመንት ገብተሽ ሩቅ ያለ ፊደል ስጪው። እኔ ደብልዩ ሰጥቼዋለሁ፤ ፍላሽ ቢሰካም አይነካውም።

ላፕቶፑ የሞላው ደግሞ በቪዲዮው ብቻ ላይሆን ይችላል። ፕሪሚየር ሚዲያ ካሽ የሚባሉ ጊዜያዊ ፋይሎችን በራሱ ሲ ድራይቭ ላይ ያከማቻል። ፕሪፈረንስ ውስጥ «ሚዲያ ካሽ» የሚለው ጋ ገብተሽ አጥፊው፤ ቦታውንም መቀየር ትችያለሽ። እሱ ቢጠፋ ፕሪሚየር እንደገና ይሠራዋል፤ ቀረጻሽን አይነካም። አንቺ ቀረጻውን ከማዛወርሽ በፊት መጥፋት የነበረበት እሱ ነበር።

ሥራው ሲያልቅ ፋይል ሜኑ ውስጥ «ፕሮጀክት ማኔጀር» አለ። «ኮሌክት ፋይልስ» ስትዪው የተጠቀምሽባቸውን ቪዲዮዎች ሁሉ ከፕሮጀክቱ ጋር አንድ ቦታ ይሰበስብልሻል።

ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለውን ሌላ የኤዲቲንግ ፕሮግራም ለምትጠቀሙ፦ እሱ ጭራሽ ፕሮጀክቱንም በዳታቤዝ ነው የሚይዘው። ዳታቤዙ ሲ ድራይቭ ላይ ከሆነ ዊንዶውስ ፎርማት ስታደርጉ አብሮ ይጠፋል። «ፕሮጀክት አርካይቭ» በሉት፤ ቪዲዮውንም አብሮ ይይዛል። ፋይናል ከት በሚባለው የማክ ኤዲቲንግ ፕሮግራም ላይ ደግሞ ኢምፖርት ስታደርጉ «ኮፒ ቱ ላይብረሪ» እና «ሊቭ ፋይልስ ኢን ፕሌስ» የሚሉ ምርጫዎች አሉ። የመጀመሪያውን መርጣችሁ ከሆነ ቪዲዮው በእውነትም ላይብረሪው ውስጥ አለ። ሁለተኛውን ከሆነ እንደ ፕሪሚየር ነው።

አንቺ አሁን ምንም ሳታጠፊ የመጀመሪያውን ካሜራ ብቻ አገናኚ። ከዚያ የሊንክ ሚዲያ መስኮቱንና የኤክስተርናሉን ፎልደሮች ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊው፤ ሲ0001 የተደጋገመበትን አብረን እናየዋለን። ለሙሽሮቹም ቪዲዮው እንዳለ ንገሪያቸው፤ በከንቱ አይጨነቁ።