ፋይሌ የት ገባ? የአንባቢያን የኮምፒውተር ጥያቄዎች

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉም ስለ ፋይልና ፎልደር ናቸው። ረዘም ያሉትን አሳጥረናል። መልሶቹ ዊንዶውስ ለሚጠቀም ሰው የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ሆኜ ከተቀጠርኩ ገና ወራቴ ነው። ደብዳቤ ጽፌ ሴቭ አደርጋለሁ፣ በማግሥቱ አለቃዬ «ያንን ደብዳቤ አምጪው» ሲሉኝ ድራሹ ይጠፋል። እንደገና ቁጭ ብዬ የጻፍኩበት ጊዜ አለ። ችግሩ የኮምፒውተሩ ነው የኔ? (ከደሴ)

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤው አልጠፋም፤ የት እንዳስቀመጥሽው ነው የማታውቂው። ሴቭ ስትዪ የሚከፈተው ሳጥን ሁለት ነገር ይጠይቅሻል፤ ስሙንና የሚቀመጥበትን ቦታ። አብዛኛው ሰው ቦታውን ሳያይ ኢንተር ይመታል። ስሙንም ካልጻፍሽ ደግሞ ዎርድ የደብዳቤውን መጀመሪያ መስመር ስም አድርጎ ያቀርብልሻል፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ደግሞ ሁሉም «ቁጥር» ብሎ ነው የሚጀምረው፣ ስለዚህ ሳምንት ሳይሞላ «ቁጥር»፣ «ቁጥር 1»፣ «ቁጥር 2» የሚባሉ ፋይሎች ተደርድረው የቱ የቱ እንደሆነ አንቺም አታውቂም።

አሁን ለቸኮለው፦ ዎርድን ክፈቺና ኦፕን ውስጥ ሪሰንት የሚለውን እዪ፣ በቅርብ የሠራሽባቸው እዚያ አሉ። አንዱን ስትከፍቺ ሴቭ አዝ በይና የተቀመጠበትን ቦታ አንብቢው። የፋይል አድራሻ ከክፍለ ከተማ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቤት ቁጥር እንደሚወርደው አድራሻ ነው፤ ከድራይቭ (ሲ ወይም ዲ ከሚባለው የማስቀመጫ ክፍል) ተነስቶ ፎልደር በፎልደር ይወርዳል።

ከዛሬ ጀምሮ ዲ ድራይቭ ላይ «ደብዳቤዎች» የሚል ፎልደር ክፈቺ፣ ውስጡ «2018»፣ በሱ ውስጥ ደግሞ «ገቢ» እና «ወጪ»። በቃ። ለእያንዳንዱ ጉዳይ ፎልደር የሚከፍቱ ሰዎች አሉ፣ ስድስት ፎልደር ከፍተው አንድ ደብዳቤ ያገኛሉ፣ እኔ አልመክርም።

ስሙ ላይ ቀኑን አስቀድሚ፣ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፦ «2018-02-05 ለጤና ጽሕፈት ቤት የመኪና ጥያቄ»። እንዲህ ሲሆን ራሱ በቀን ቅደም ተከተል ይሰለፍልሻል፣ ጳጉሜን እንኳ 13 ሆና መጨረሻ ላይ ትገባለች። ኮምፒውተሩ ከፋይሉ ጎን የሚያሳየው ቀን ብዙ ጊዜ የፈረንጆቹ ስለሆነ የኛውን በስሙ ላይ መጻፍ ይሻላል። የፋይል ስም እዝባር (/) ግን አይቀበልም። የደብዳቤ ቁጥራችን በእዝባር የተሞላ ስለሆነ ብዙ ጸሐፊ እዚህ ላይ ይደናገጣል፤ በሰረዝ ተኪው።

ጥያቄ፦ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ልጄ ከአሜሪካ ላፕቶፕ ላከችልኝ። የቤተሰቡ ፎቶ ሁሉ ሳይለይ አንድ ቦታ ተከምሯል። በየመልኩ ላስቀምጠው እፈልጋለሁ፣ ግን አጠፋው ይሆን ብዬ እጄን እሰበስባለሁ። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጋሼ፣ በሚሳሱለት ነገር ላይ አይለማመዱ። ዴስክቶፑ ላይ ባዶ ቦታ ፈልገው ራይት ክሊክ ያድርጉ፣ ኒው፣ ከዚያ ፎልደር፣ ስሙንም «መለማመጃ» ይበሉት። ከፎቶዎቹ አምስት ስድስቱን ኮፒ አድርገው እዚያ ውስጥ ፔስት ያድርጉ። ከት ሳይሆን ኮፒ። አሁን መለማመጃው ውስጥ ያሉት ቅጂዎች ናቸው፤ እንዳሻዎ ቢያመሳቅሏቸው ዋናዎቹን የሚነካ የለም።

እዚያው ውስጥ «ሠርግ» እና «ክርስትና» የሚሉ ሁለት ፎልደሮች ይክፈቱ። አንድ ፎቶ ከት አድርገው «ሠርግ» ውስጥ ፔስት ያድርጉ። ከዚያ ኮንትሮልን ይዘው ዜድን ይምቱ፤ ፎቶው ወደነበረበት ይመለሳል። ይቺን ቁልፍ የለመደ ሰው ፍርሃቱ በግማሽ ይቀንሳል። ስም ለመቀየር ፎቶውን አንዴ ነክተው ኤፍ 2 ይምቱ (በአንዳንድ ላፕቶፕ ኤፍኤን የምትለዋንም አብሮ መያዝ ይጠይቃል)።

ቀጥሎ የሚፈሩትን ነገር ሆን ብለው ያድርጉት። አንዱን ፎቶ ዲሊት ያድርጉ። ሪሳይክል ቢንን ይክፈቱ፣ ፎቶው እዚያ ተቀምጧል። ራይት ክሊክ አድርገው ሪስቶር ሲሉት የጠፋበት ፎልደር ውስጥ ተመልሶ ይገባል። ደጋግመው ያጥፉት፣ ደጋግመው ይመልሱት።

ሁለት ነገር ብቻ ይጠንቀቁ። ከፍላሽ ላይ ያጠፉት ፋይል ሪሳይክል ቢን አይገባም፣ በዚያው ነው የሚሄደው፤ ሺፍት ተይዞ ዲሊት ሲደረግም እንደዚያው። ሌላው በማውዝ መጎተት ነው። ደብል ክሊክ ሲያደርጉ እጅዎ ትንሽ ከተንሸራተተ አንዱ ፎልደር ሌላው ውስጥ ይገባል። «ፎልደሬ ጠፋ» ከሚሉኝ ሰዎች ብዙዎቹ ጎረቤቱ ፎልደር ውስጥ ነው የሚያገኙት። ፎቶዎቹን ለመለየት ሲነሱም አስቀድመው ሁሉንም ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ኮፒ ያድርጉ፣ ልጅዎም አይከፋትም።

ጥያቄ፦ የሱቄ ሒሳብ በሙሉ ዴስክቶፕ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ እየተንቀራፈፈ ስላስቸገረኝ ጥገና ቤት ብወስደው «ፎርማት ይደረግ» አሉኝ። ዲ ላይ ያለው አይነካም ይባላል፣ እውነት ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ያንተ ግን ዲ ላይ አይደለም ወንድሜ! ዴስክቶፕ ዓይን ፊት ስላለ የተለየ ቦታ ይመስላል እንጂ ሲ ድራይቭ ውስጥ ያለ ተራ ፎልደር ነው፣ ሲ ፎርማት ሲደረግ አብሮ ይጠረጋል። ዶክዩመንትስም እንደዚያው፣ ዳውንሎድስም፣ በኮምፒውተር ቴሌግራም ያወረድከውም ዳውንሎድስ ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» በሚባል ፎልደር ነው ያለው። ማሽኑን ከማስረከብህ በፊት እነዚህን ሁሉ ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ገልብጥና ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተህ እይ። መከፈታቸውን ሳታይ «ገልብጫለሁ» አትበል።

በዲም ብዙ አትተማመን። በብዙ ኮምፒውተር ሲና ዲ የአንድ ሃርድ ዲስክ ሁለት ክፍሎች ናቸው፣ ሃርድ ዲስኩ ከሞተ አብረው ነው የሚቀበሩት። ፓወር ግዕዝ በሚባለው የአማርኛ መጻፊያ የተጻፉ የቆዩ ሰነዶች ካሉህ ደግሞ ከፎርማት በኋላ ዝብርቅርቅ ያለ ፊደል ሆነው ቢመጡ አትደንግጥ። ፋይሉ ደህና ነው፤ ፎንቱ መልሶ ይጫን።

ጥያቄ፦ ፍላሼን ፎቶ ኮፒ ቤት ሰክተው የመመረቂያ ጽሑፌን አተሙልኝ። ዶርም ስመለስ ፎልደሮቼ በሙሉ ሾርትከት ሆነዋል። ጓደኞቼ «ፎርማት አድርጊው» ይሉኛል። አለቀልኝ? (ከጎንደር)

መልስ፦ አላለቀልሽም፣ ጓደኞችሽን ግን ለጊዜው አትስሚያቸው። ሾርትከቶቹንም አትክፈቺ (ሾርትከት ወደ ሌላ ፋይል የሚመራ ምልክት እንጂ ፋይሉ ራሱ አይደለም)፣ ቫይረሱን የሚቀሰቅሰው እነሱን መክፈት ነው። ፍላሹ ላይ ራይት ክሊክ አድርገሽ ፕሮፐርቲስ በይና የተያዘውን ቦታ እዪ። እንደ ድሮው ብዙ ከሆነ ፋይሎችሽ አሉ ማለት ነው፣ ቫይረሱ ደብቋቸው ነው። ቪው ውስጥ ገብተሽ ሂድን አይተምስ የሚለውን አብሪው። አሁንም ካልታዩ ኦፕሽንስ ውስጥ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውን ምልክት አንሺ። አንዳንዴ ሁሉንም ስም የሌለው አንድ ፎልደር ውስጥ ነው የሚከታቸው። ስታገኚያቸው የራስሽን ሰነዶች ብቻ ኮፒ አውጪ፣ በአንቲቫይረስ አስፈትሺ፣ ፎርማቱ ከዚያ በኋላ ይሁን።

ለወደፊቱ ለማሳተም ስትሄጂ የሚታተመውን ብቻ ይዘሽ ሂጂ። ጽሑፉንም ፍላሹ ላይ እንዳለ አትሥሪበት፤ ኮምፒውተሩ ላይ ሠርተሽ ስትጨርሺ ወደ ፍላሹ ኮፒ አድርጊ። መመረቂያ ጽሑፍን የሚያህል ነገር አንድ ፍላሽ ላይ ብቻ ማስቀመጥ ግን፣ እንዴት ብለሽ ነው እንቅልፍ የወሰደሽ?

ጥያቄ፦ ፋይሎቼን በአማርኛ እሰይማለሁ። ስፈልጋቸው ግን አንዳንዱ ይመጣል፣ አንዳንዱ የለም ይለኛል። (ከሪያድ)

መልስ፦ ፊደላችን ነው። «ሠርግ» ብለህ ሰይመህ «ሰርግ» ብለህ ብትፈልግ ኮምፒውተሩ ሁለቱን እንደ ሌላ ቃል ነው የሚያያቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። አንዱን አጻጻፍ መርጠህ ሁልጊዜ እሱኑ ተጠቀም፤ የቆዩትን ለማግኘት ደግሞ ሁለቱንም ሞክር። ለደሴዋ እህታችን እንዳልኩት ስሙ ላይ ቀን ካስቀደምክ «2018-02» ብለህ ብቻ ብትጽፍ የዚያ ወር ፋይሎች ይመጡልሃል።