ዝናቡ ያው ነው፤ ወንዙ ለምን ጎደለ? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ስለ ድርቅና ስለ ወንዞች የደረሱኝ ጥያቄዎች ተጠራቅመዋል። ዛሬ ሌላ ነገር አልጽፍም፤ እነሱን ብቻ ልመልስ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ የሚመሳሰሉትን ደግሞ አንድ ላይ አድርጌያለሁ።

ጥያቄ፦ አንድ አባት፣ የአካባቢያቸው የዝናብ መጠን ከድሮው ብዙም እንዳልተለወጠ መዝገብ አገላብጠው አረጋግጠዋል። ወንዙ ግን ከዓመት ዓመት እየቀጠነ ነው። «ውሃው የት ገባ? ሰው እየሰረቀው ነው ወይስ መለኪያው ተበላሽቷል?» ይላሉ።

አባቴ፣ መዝገቡን ማየትዎ ትልቅ ነገር ነው። መጀመሪያ ከላይ በኩል አዲስ ቦይ ወይም ፓምፕ መኖሩን ያጣሩ። ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያ ይገኛል። እሱ ከሌለ ግን ሌባው ሙቀት ሊሆን ይችላል። ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ስለነበር ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

አብዛኞቻችን ድርቅን የምንለካው በዝናብ ብቻ ነው። ዘነበ ወይስ አልዘነበም? ወንዝ ጋ ሲደረስ ግን ይህ አይበቃም። ዝናብ መሬት ላይ ካረፈ በኋላ መጀመሪያ አፈሩ ይጠጣል። ከአፈሩ ተክሉ ይጠጣል። አየሩ ደግሞ ከአፈሩም ከተክሉም መልሶ ይወስዳል። ወንዙ የሚያገኘው ከእነዚህ ሁሉ የተረፈውን ነው። ደመወዝዎ ሳይነካ ወጪዎ ጨመረ እንበል። መጀመሪያ የሚጠፋው ቁጠባዎ ነው። ወንዝ ማለት የተፋሰሱ ቁጠባ ነው።

ወጪውን የጨመረው ማነው? አየሩ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር የመያዝ አቅሙ ያድጋል፤ 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ የውሃ ተን ሊይዝ ይችላል። ያንን ተን ከባሕር ካላገኘ ከመሬት ይስባል። ልብስ አጥቦ ያሰጣ ሰው ይህን ያውቀዋል። በቀዝቃዛ ቀን እስከ ማታ የማይደርቅ ልብስ በሞቃት ቀን ምሳ ሳይደርስ ይታጠፋል። አሁን ያንን ልብስ የአንድ ተፋሰስ ስፋት አድርገው ያስቡት።

ሌላም ነገር አለ። ከረጅም ደረቅ ጊዜ በኋላ ጥሩ ዝናብ ሲጥል ወጣ ይበሉና ጣትዎን አፈሩ ውስጥ ይስደዱት። ላዩ ጭቃ ነው። ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ሲሉ ግን አቧራ ያገኛሉ። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ይህን ጥማት ሲያረኩ ያልቃሉ፤ ለወንዙ የሚተርፍ የለም። ስለዚህ በደረቅ ተፋሰሶች የዝናቡ ለውጥ ወንዙ ላይ ሲደርስ ተባዝቶ ነው። ዝናብ በ10 በመቶ ቢቀንስ ፍሰቱ ከ20 እስከ 30 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። በሳህል በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድርቅ ጊዜም የኒጀር ወንዝ የቀነሰው ዝናቡ ከቀነሰው በላይ ነው።

እርስዎ ጋ በትክክል የሆነውን የሚነግርዎት የተፋሰሱን ሙቀት፣ ትነትና የመሬት አጠቃቀም አንድ ላይ ያየ የሃይድሮሎጂ ባለሙያ ነው። ከዝናብ መዝገቡ ጋር የሙቀቱንም ይዘው ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ድርቅና በረሃማነት አንድ ናቸው?

አይደሉም። ድርቅ ይመጣል፣ ይሄዳል። በረሃማነት የመሬቱ የራሱ መጎዳት ነው፤ ዝናቡ ቢመለስም መሬቱ ቶሎ አይመለስም።

ጥያቄ፦ «ድርቅ ድሮም ነበር። አያቶቻችንም አይተውታል። አሁን ምን አዲስ ነገር ተገኘና ነው?» (ይህን ስንት ሰው እንደጻፈልኝ መቁጠር ትቻለሁ።)

አዎ፣ ድሮም ነበር። ማንም አልካደም። በቼክ ሪፐብሊክ፣ በኤልቤ ወንዝ ዳር፣ ዴቺን በምትባል ከተማ አንድ ድንጋይ አለ። ወንዙ ሲጎድል ብቅ ይላል። ሰዎች የድርቅ ዓመታትን እየቀረጹበት ኖረዋል፤ 1616 የሚለው ዛሬም ይነበባል። ከቁጥሮቹ ጋር በጀርመንኛ «ካየኸኝ አልቅስ» የሚል ተጽፎበታል። ያንን የቀረጸው ሰው ረሃብ ምን እንደሆነ ያውቅ ነበር።

ጥያቄው ታዲያ ስንት ጊዜ ይመጣል የሚለው ነው። የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ለውጥ ፓናል በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት እየደረቁ ያሉ አካባቢዎችን አስልቷል። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት በ10 ዓመት አንድ ጊዜ ይመጣ የነበረ አፈር የሚያደርቅ ድርቅ፣ ዓለም በ1 ዲግሪ ስትሞቅ 1.7 ጊዜ ይመጣል። በ2 ዲግሪ 2.4 ጊዜ ነው። በ4 ዲግሪ 4 ጊዜ ያህል። ገበሬ አንዱን ክፉ ዓመት በሌላው ደህና ዓመት ይክሳል። የተሸጠውን ከብት ይተካል፣ ዕዳውን ይከፍላል፣ ጎተራውን ይሞላል። ክፉዎቹ ዓመታት ሲቀራረቡ የሚጠፋው ይህ የማገገሚያ ጊዜ ነው። እባካችሁ «ድሮም ነበር» ብላችሁ አትዝጉት።

ጥያቄ፦ እንግዲያውስ ድርቅ ሁሉ የአየር ንብረት ለውጥ ነው?

አይደለም። ይህንንም በእኩል ድፍረት መናገር ያስፈልጋል።

ወርልድ ዌዘር አትሪቢውሽን የሚባል የሳይንቲስቶች ቡድን አለ። አንድ ድርቅ ሲከሰት ዓለም ባትሞቅ ኖሮ ይህ ይከሰት ነበር ወይ ብለው ያሰላሉ። መልሱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በ2021 እ.ኤ.አ. ደቡብ ማዳጋስካርን አይተው የአየር ንብረት ለውጥ ድርሻ ቢኖር እንኳ ትንሽ ነው አሉ። ሕዝቡን ለረሃብ ያጋለጠው ከዝናቡ እጥረት ጋር የተደራረበው ድህነት ነበር። በ2023 የፓናማ ቦይ የሚጠቀምበት የጋቱን ሐይቅ ጎድሎ መርከቦች ወረፋ ሲይዙም ዋናው ምክንያት ኤልኒኖ፣ ማለትም የፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ገጽ በየጥቂት ዓመቱ ሲሞቅ የሚመጣው የአየር መዛባት ነው አሉ።

ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ እ.ኤ.አ. በአፍሪካ ቀንድ 5 የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። እዚህ ላይ የቡድኑ መልስ ሌላ ነው። የሰው ልጅ ያመጣው ሙቀት የዚያ ዓይነት ድርቅ የመከሰት ዕድልን ቢያንስ 100 እጥፍ አድርጎታል። ልብ በሉ፣ ሙቀቱ የዓመቱን ጠቅላላ ዝናብ ብዙ አልለወጠውም። በዝናቡ እጥረት ላይ ተጨምሮ አፈሩንና ግጦሹን ያን ያህል ያደረቀው ትነቱ ነው። ለመጀመሪያው ደብዳቤ ጸሐፊ ያልኩትን እዚህም ታገኙታላችሁ።

ስለዚህ ወንዝ ሲጎድል «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» ብሎ እጅ መታጠብ አይገባም። የመካከለኛው እስያው የአራል ባሕር በዋናነት የጠፋው ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ገባሮቹ ወደ ጥጥ መስኖ ስለተጠለፉ ነው። በዓለም ላይ ከወንዝና ከከርሰ ምድር ከሚወሰደው ንጹሕ ውሃ 70 በመቶ ያህሉ ለእርሻ የሚውል ነው። ያንን የሚያስተዳድረው ሰው ነው።

ጥያቄ፦ በአንድ ዓመት ድርቅም ጎርፍም እንዴት ይመጣል? ከሁለት አንዱ ውሸት መሆን አለበት።

ሁለቱም እውነት ናቸው። ያ ብዙ ተን የሚይዝ አየር ውሃውን ይዞ ይቆያል፤ ሲለቀው ደግሞ ባንዴ ይዘረግፈዋል። ዝናባማ ቀናት ይቀንሳሉ፣ የአንዱ ቀን ዝናብ ግን ይከብዳል። ደርቆ የተጋገረ መሬት ያንን ሁሉ ውሃ ቶሎ አያስገባም፤ ላዩ ላይ ይንሸራተትና ጎርፍ ይሆናል። የአፍሪካ ቀንድም ከዚያ ረጅም ድርቅ እንደወጣ በ2023 መጨረሻ በጎርፍ ተመታ።

ጥያቄ፦ ወንዙ ስለማያስተማምን ጉድጓድ ላስቆፍር ነው። ቆፋሪው «ጥናት አያስፈልግም፣ ውሃው ያለበትን በዓይኔ አውቀዋለሁ» አለኝ። ላምነው?

አይመኑት። እዚህ ላይ አልለሳለስም። ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያ ይጥሩ፤ ሃይድሮጂኦሎጂስት የሚባለውን። ለጥናቱ የሚያወጡት ገንዘብ ደረቅ ጉድጓድ ላይ ከሚያፈሱት ያነሰ ነው። ሲቆፈር ደግሞ የፓምፕ ሙከራ ይደረግ፣ ጥራቱም ላቦራቶሪ ይታይ። በአንዳንድ ቦታ ጥልቅ ውሃ ጨው ወይም ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ ዓይን ያንን አያይም። የአካባቢው የውሃ ቢሮ ፈቃድ የሚጠይቅ ከሆነም አይዝለሉት።

አንድ ሌላ ነገር። ጉድጓዱና ወንዙ ብዙ ጊዜ የሚጠጡት ከአንድ ማድጋ ነው። በደረቁ ወራት ወንዙ እንዲፈስ የሚያደርገው ከሥር ቀስ እያለ የሚወጣ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ሁሉም ሰው ወንዙን ሸሽቶ ጉድጓድ ሲቆፍር ወንዙ ጭራሽ ይደርቃል። ስለዚህ ጎረቤቶችዎንም ሳያማክሩ አይጀምሩ።

ጥያቄ፦ አንድ መሐንዲስ ነኝ ያሉ አንባቢ፣ «ይህ ሁሉ ወሬ ምን ያደርጋል? ትልቅ ግድብ ሥሩ፣ በቃ» ብለዋል።

ግድብ ይጠቅማል። የክረምቱን ውሃ ለበጋ ያሻግራል። ጥያቄው ግን በምን ቁጥር ላይ ቆመው ነው የሚሠሩት የሚለው ነው።

የኮሎራዶን ወንዝ ልንገርዎት። በ1922 እ.ኤ.አ. 7 የአሜሪካ ግዛቶች ወንዙን ለመካፈል ተስማሙ። የተካፈሉት በዓመት 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ነበር። በ1944 ደግሞ ለሜክሲኮ ሌላ ድርሻ ተጨመረ። ነገሩ የተሰላው ከስምምነቱ በፊት በነበሩት ዓመታት ፍሰት ነው። በኋላ የዛፍ ዕድሜ ቀለበቶች ሲጠኑ ግን እነዚያ ዓመታት ከወትሮው እጅግ እርጥብ እንደነበሩ ታወቀ። የተካፈሉት የጥጋብ ዓመታትን ውሃ ነበር። ከ2000 ወዲህ ደግሞ ፍሰቱ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አማካይ በ20 በመቶ ገደማ አንሷል። ተመራማሪዎች እንዳሰሉት ተፋሰሱ በ1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ወንዙ 9 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ወንዙን የሚመግበው የተራራ በረዶ ሲሳሳ የተራቆተው መሬት ብዙ ፀሐይ ይቀበላል፤ ትነቱም ይብሳል።

በዚህ ወንዝ ላይ ግድብ ጠፍቶ አይደለም። ሁቨር አለ፤ ከኋላው የሚድ ሐይቅ አለ። በ2022 ሐይቁ ከአቅሙ ሩብ ያህል ብቻ ነበረው። በገደሎቹ ላይ ውሃው ይደርስበት የነበረውን ከፍታ የሚያሳይ ነጭ የማዕድን ቀለበት ተጋግሯል። ጀልባ ላይ ያለ ሰው ወደ ላይ አንጋጦ ነው የሚያየው። ግድቡ ውሃ ያስቀምጣል እንጂ ውሃ አይፈጥርም።

ደግሞ ግድብ ሲኖር ሰው ይተማመናል። እርሻው ይሰፋል፣ ከተማው ያድጋል። ክፉው ድርቅ ሲመጣ የሚጠብቀው ሰው ቁጥር ከበፊቱ የበዛ ነው። እርስዎ መሐንዲስ ከሆኑ የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። ዲዛይኑን ያለፉት 30 ዓመታት አማካይ ላይ ብቻ አያቁሙት። ሙቀት ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን ያሰሉ። የውሃ ክፍፍሉንም በቋሚ ቁጥር ሳይሆን በዓመቱ ፍሰት ድርሻ እንዲያስቡት ለአለቆችዎ ይንገሩ።

ጥያቄ፦ የተራራው በረዶ ከቀለጠ ወንዙ ይሞላል። ታዲያ ምኑ ነው የሚያስፈራው?

ለጊዜው ይሞላል። ግግር በረዶው እስካለ ድረስ ፍሰቱ ይጨምራል፤ ጣሪያው ላይ ይደርስና ከዚያ ይወርዳል። እንደ ኢንደስ ባሉ ወንዞች ዳር ብዙ ሕዝብ ዝናብ በሌለበት ወራት የሚኖረው በዚያ ቅላጭ ነው። የክረምቱ በረዶ ሲቀርም ጉዳቱ ወዲያው ይታያል። በ2022 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ በአልፕስ በቂ በረዶ ሳይጥል ቀረና የፖ ወንዝ ደከመ። የባሕሩ ጨው ውሃ በወንዙ አፍ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ላይ ገባ።

ጥያቄ፦ ኤልኒኖ መጣ ማለት ድርቅ መጣ ማለት ነው?

እንደ ቦታውና እንደ ወቅቱ ነው። ለኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች የክረምት ዝናብና ለዓባይ አብዛኛውን ጊዜ መቀነስ ነው። ለምሥራቅ አፍሪካ የጥቅምት–ታኅሣሥ ዝናብ ደግሞ ብዙ ጊዜ መጨመር ነው። የአካባቢያችሁን የሜትሮሎጂ ትንበያ ተከታተሉ።

ጥያቄ፦ አንዲት ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፏ ድርቅን በኤስፒአይ ትለካው ወይስ በኤስፒኢአይ ግራ ገብቷታል።

እህቴ፣ ኤስፒአይ ዝናብን ብቻ ያያል። ኤስፒኢአይ ከዝናቡ ላይ ትነት ሊወስደው የሚችለውን ይቀንሳል። ሁለቱንም አስይና ልዩነታቸውን ተመልከቺ፤ ሙቀቱ የወሰደው እዚያ ልዩነት ውስጥ ነው። የትነት ቀመር ምርጫው ውጤቱን ስለሚቀይር እሱን ከአማካሪሽ ጋር ተነጋገሪበት።

ጥያቄ፦ ሁለት ጥሩ ዝናብ አገኘን። ድርቁ አለቀ ማለት ነው?

ለሰማዩ አልቆ ይሆናል። አፈሩ በሳምንታት ይከተላል፣ ወንዙ በወራት፣ የከርሰ ምድር ውሃ ግን ዓመታት ሊወስድ ይችላል። በደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያ የሚሌኒየም ድርቅ የሚሉት ረጅም ድርቅ በ2009 እ.ኤ.አ. አካባቢ አበቃ። ተመራማሪዎች ከ7 ዓመት በኋላ በቪክቶሪያ ግዛት ያሉትን ትንንሽ ተፋሰሶች ሲመረምሩ ሲሶ ያህሉ ገና አላገገሙም ነበር። ዝናቡ ተመልሶ እያለ ወደ ወንዝ የሚወርደው ውሃ ከበፊቱ ያነሰ ነበር። ስለዚህ መስኖውን ከማስፋትዎ በፊት የጉድጓዶቹን የውሃ ከፍታ ያስለኩ፤ ከዓመት በኋላም ድጋሚ ያስለኩ።